የገረጣና የጠነከረ የአሳማ ጣፊያ፦ ፕሮቲኑን መለየት ለምን ይጠቅማል?

በቄራ የታረደ አሳማ ጣፊያው ወይም ጉበቱ አብጦ፣ ገርጥቶና እንደ ሰም ጠንክሮ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ አንዱ ምክንያት አሚሎይድ ነው። አሚሎይድ ማለት ትክክለኛ ቅርጹን የሳተ ፕሮቲን በአካል ክፍሎች ውስጥ ሲከማች ነው። በሽታው በአሳማ ላይ ብዙም አይታይም። ሲገኝ ግን ቀጣዩ ጥያቄ «የትኛው ፕሮቲን ነው?» የሚለው ነው።

ጥያቄው ገንዘብን ይነካል። ሰውነት ሲቆጣ ጉበት ሴረም አሚሎይድ ኤ የተባለ ፕሮቲን በብዛት ያመርታል። ብግነቱ ሳይድን ከቆየ የዚህ ፕሮቲን ቁራጮች ይከማቻሉ፤ ይህ ኤኤ ዓይነት ይባላል። ውጤቱ ኤኤ ከሆነ አርቢው በበረቱ ውስጥ የቆየ መግል፣ የሳንባ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም መኖሩን ይፈትሽ፤ ችግሩ የመንጋው ሊሆን ይችላልና። ከአንቲቦዲ ቁራጭ የሚመጣው ኤኤል ዓይነት ግን በአብዛኛው የአንድ እንስሳ ጉዳይ ስለሆነ መንጋውን ለማከም ወጪ ማውጣት አያስፈልግም።

ምርመራው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ናሙናው በኮንጎ ቀይ ይቀለማል። በፖላራይዝድ ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ከታየ አሚሎይድ መኖሩ ይታወቃል፤ ዓይነቱ ግን አይታወቅም። ዓይነቱን በአንቲቦዲ መለየት ይቻላል። ሆኖም ለሰው ፕሮቲን የተሠራ አንቲቦዲ የአሳማውን ላይዝ ስለሚችል «የለም» የሚል ውጤት ሊያሳስት ይችላል። ማስ ስፔክትሮሜትሪ ይህ ችግር የለበትም፤ ከክምችቱ የተወሰደውን ፕሮቲን በኤንዛይም ቆራርጦ ከታወቁት የአሳማ ፕሮቲኖች ጋር ያመሳክራል።

ይህ ምርመራ ርካሽ አይደለም። ስለዚህ አንድ አሳማ ብቻ ከተገኘ የኮንጎ ቀይ ውጤት ይበቃል። ከአንድ እርባታ የመጡ አሳማዎች ተደጋግመው ከታዩ ግን ዓይነቱን ማስለየት ወጪውን ይመልሳል። ውሳኔው እስኪደረስ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያልወፈረ ቁራጭ በ10 እጥፍ ፎርማሊን ይቀመጥ። በፓራፊን የተዘጋጀ ናሙና ከዓመታት በኋላም ይመረመራል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ጣፊያ አብጦ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በ1921 እ.ኤ.አ. ከኬንያ የተዘገበው የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት ነው። በዚህ በሽታ ያበጠ ጣፊያ የጠቆረና በቀላሉ የሚፈረካከስ እንጂ የገረጣና የጠነከረ አይደለም። ጥርጣሬ ካለ ሥጋው ከቄራው ሳይወጣ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።