ስም ያለውና ስም የሌለው የሞተር ዘይት በራያ ቆላ

የሞተር ዘይት ከሁለት ነገሮች ይቀመማል። ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው መሠረት ዘይት ነው፤ አብዛኛው ከድፍድፍ ነዳጅ ይወጣል። የቀረው ብረት ብረትን እንዳይበላ የሚከላከሉ፣ ጥቀርሻ የሚያጥቡና አሲድ የሚያበርዱ ኬሚካሎች ናቸው። በቆቦ መለዋወጫ ሱቆች የሚደረደሩት ጀሪካኖች፣ ዓለም አቀፍ ስም ያላቸውም ሆኑ አስመጪው በራሱ መለያ ያሳሸጋቸው፣ በዚህ አንድ ናቸው። የሚለያዩት መሠረቱ ምን ያህል እንደተጣራ፣ ኬሚካሉም ምን ያህልና የየትኛው ዘመን እንደሆነ ነው። ገዢው ግን ሁለቱንም አያይም። የሚያየው ስሙንና ዋጋውን ነው።

የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት (ኤፒአይ) መሠረት ዘይትን በአምስት ምድብ ይከፍላል። አንደኛው በሟሚ ኬሚካል የሚጣራ የቆየ ዓይነት ሲሆን ሰልፈሩ ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በሃይድሮጅን ስለሚጣሩ ይበልጥ ንጹሕ ናቸው፤ ሦስተኛው በተለይ ሙቀት ሲበረታ እንደ ሌሎቹ አይቀጥንም። አራተኛው በኬሚካል ፋብሪካ የሚሠራ ሲንቴቲክ ነው። አምስተኛው ከነዚህ ውጭ ያለውን ሁሉ ይይዛል። ርካሽ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከአንደኛው ምድብ ይቀመማል። ይህ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ብዙ ሞተሮች ለአሥርተ ዓመታት የሠሩት በእሱ ነው። ግን ቶሎ ይተናል፣ ቶሎም ይወፍራል።

ኢትዮጵያ መሠረት ዘይት የምታወጣበት ማጣሪያ የላትም። ከውጭ ከሚገባው ርካሽ ዘይት ብዙው የሚታሸገው በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ነው፤ በዱባይና በሻርጃ ትእዛዝ ላመጣ ነጋዴ በፈለገው ስም ቀምመው የሚሰጡ ፋብሪካዎች አሉ። አሠራሩ በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። የአሜሪካው ዋልማርት ሱፐርቴክ፣ ኮስትኮ ደግሞ ኪርክላንድ የሚል ዘይት ይሸጣሉ፤ ሁለቱም መደብሮች ግን ራሳቸው ዘይት አይቀምሙም።

ብዙ ሰው የማያውቀው የኬሚካሉን ምንጭ ነው። ለዓለም ገበያ አብዛኛውን የዘይት ኬሚካል የሚያቀርቡት አራት ኩባንያዎች ናቸው፤ ሉብሪዞል፣ ኢንፊኒየም፣ አፍተንና ኦሮናይት። ኢንፊኒየም የሼልና የኤክሶንሞቢል የጋራ ንብረት ሲሆን ኦሮናይት የሼቭሮን ነው። ውድ የሆነውን የሞተር ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስደርጉት እነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ የተፈተነውን ቅመም ከነመጠኑ ለትልቁም ለትንሹም ዘይት ቀማሚ ይሸጣሉ። ስለዚህ ስሙ ያልታወቀ ዘይት ሙሉውን መጠን ከገዛና በታዘዘው ልክ ከቀመመ፣ ከታወቀው ብዙም አያንስም። ታላላቆቹ የሚበልጡት የየመኪና አምራቹን ተጨማሪ ፈተና በማለፍ፣ በተሻለ መሠረት ዘይትና የዛሬው ምርት ከትናንቱ እንዳይለይ በሚያደርጉት ቁጥጥር ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ቀማሚው የዘመኑን ትቶ የድሮውን ቅመም ሲገዛ ነው። ይህንንም ጀሪካኑ ራሱ ይናገራል። የኤፒአይ ደረጃ ለቤንዚን ሞተር በኤስ፣ ለናፍጣ ሞተር በሲ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ያለው ፊደል በገፋ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስኤፍ የተባለው ዘይት እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ለተሠሩ የቤንዚን ሞተሮች አይመጥንም። ሲዲ እ.ኤ.አ. ከ1994 በኋላ ለተሠሩ የናፍጣ ሞተሮች አይሆንም። ሲአይ-4 በ2002፣ ሲኬ-4 በ2016 እ.ኤ.አ. ወጡ። በወርቃማ ቀለም ባጌጠ ጀሪካን ጀርባ በደቃቅ ጽሑፍ ኤስኤፍ ወይም ሲዲ የሚል ካለ፣ ፊት ለፊት የተጻፈው ሙገሳ ሁሉ ዋጋ የለውም።

ራያ ቆላ ለዘይት ከባድ አገር ነው። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቱና የደረቅ ወቅቱ አቧራ ይበረታል። ማሽላና ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ወልድያ ይወርዳል ይወጣል። ወደ ሰሜን ያቀናው ደግሞ አላማጣን አልፎ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ኮረም ይያያዘዋል፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ማለት ነው። በዚህ ጉዞ ዘይቱ መቅጠን የለበትም። 15ደብሊው-40 በሚል ጽሑፍ የመጀመሪያው ቁጥር የብርድ ነው፤ ለቆቦ ጠዋት ብዙም አያሳስብም። ሁለተኛው፣ ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚኖረውን ውፍረት የሚያሳየው፣ ዋናው ነው። ባለሁለት ቁጥር ዘይት ይህን ውፍረት የሚጠብቀው በፖሊመር ሲሆን፣ ደካማ ፖሊመር በሥራ ይቆራረጣል፤ ያኔ 40 የተባለው ወደ 30 ይወርዳል። አቧራውን ግን የትኛውም ዘይት አያሸንፈውም፤ የእሱ መድኃኒት በጊዜው የሚጸዳና የሚቀየር የአየር ፊልትሮ ነው።

ባጃጅ የራሱ ጣጣ አለው። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ በአንድ ዘይት ይሠራሉ። ለቤት መኪና የተቀመመ ዘመናዊ ዘይት ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም ሊኖረው ስለሚችል ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ጃፓኖች በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጃሶ ኤምኤ የተባለ ደረጃ ለዚህ የታሰበ ነው። እዚህ ላይ ውዱ የመኪና ዘይት ጃሶ ኤምኤ ከተጻፈበት ርካሽ 20ደብሊው-50 ያነሰ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጣ ባለአንድ ሲሊንደር የናፍጣ ፓምፕም እንደዚሁ ነው፤ የቆየ ንድፍ ስለሆነ አምራቹ ሲዲ ካዘዘ ንጹሕ ሲዲ 40 ይበቃዋል። ብዙዎቹ ፓምፖች ደህና የዘይት ፊልትሮ ስለሌላቸው በመቶ ሰዓት አካባቢ ዘይት መቀየር ከስም ይበልጣል።

ከሁሉ የከፋው በታወቀ ስም ጀሪካን ውስጥ የተሞላ ሌላ ዘይት ነው። የተቃጠለ ዘይት ቢጣራም ያለቀው ኬሚካል አይመለስም፤ ቀለሙ ግን አዲስ ሊመስል ይችላል። ባዶ የታወቀ ስም ጀሪካን እንዳለ የሚሸጥ ጋራዥ ለዚህ ማጭበርበር መንገድ ይከፍታል። ጀሪካኑን ቀዶ መጣል ምንም ወጪ የለውም።

ለአይሱዙ ባለቤት የሚበጀው ሲአይ-4 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ፈቃዱ የተረጋገጠ ዘይት ገዝቶ በወቅቱ ከነፊልትሮው መቀየር ነው፤ ስሙ የማይታወቅ ቢሆንም። ኤፒአይ ፈቃድ የሰጣቸውን ዘይቶች ዝርዝር ማንም በኢንተርኔት ያገኘዋል። የከተማውና የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤቶች በሱቅ ያለውን ጀሪካን ከዚህ ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ፤ ዘመኑ ያለፈበት ደረጃ የያዘውም ለየትኛው ሞተር እንደማይሆን በአማርኛ እንዲጻፍበት ያስገድዱ።