ለቤተሰብ መኪና ጎማ ሲመርጡ
ለጓሳ ብርድና ጭቃ የሚሆነው የትኛው ነው?

ቤተሰብ ለበዓል፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ወደ ዘመድ አገር ለመሄድ ሲነሣ የስንቁ፣ የልብሱና የሕፃናቱ ጉዳይ በአብዛኛው በእናት ትከሻ ላይ የሚወድቅ ነው። ዳቦው ይደፋል፣ ጋቢው ይታጠፋል፣ ለትንሹ ልጅ ሹራብ ይፈለጋል። የሚጓዙበትን መኪና ጎማ ጎንበስ ብሎ መመልከት ግን «የወንድ ሥራ ነው» ተብሎ ይተዋል። ባልም በበኩሉ «ገና ይሠራል» እያለ ሲያሳድረው ከርሞ፣ አንድ ቀን በችኮላ ርካሹን ገዝቶ ይመለሳል።

ይሁንና አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንድ የቤት መኪና ጎማ መሬቱን የሚነካው ከሰው መዳፍ እምብዛም በማይበልጥ ስፋት ነው። እናትና አባት፣ ልጆችና አያት፣ ከነጓዛቸው የሚጓዙት በአራት መዳፍ ላይ ተቀምጠው ነው ማለት ነው። በገደል አፋፍ ላይ መኪናው የሚቆመው ወይም የሚንሸራተተው እነዚህ አራት መዳፎች መሬቱን እንደያዙት መጠን ነው። ስለዚህ የቤቱን ወጪ የምትይዘው እናት ጎማ ሲገዛ ገንዘብ ቆጥራ ከመስጠት አልፋ፣ ሱቁ ድረስ ሄዳ ዓይታ ብትመርጥ የሚያስነቅፍ አይሆንም። ለብርድ የሚሆነውን ከማይሆነው መለየት ለመንዝ ሴት እንግዳ ሙያ አይደለም። የበጉን ጠጉር መርጣ ፈትላ ለባናና ለዝተት የምታደርሰው እርሷ ናትና።

በዚህ ጽሑፍ የጓሳን መንገድ እንደ ምሳሌ ወስደን ጎማ እንዴት እንደሚመረጥ እንመለከታለን። በዚያ መንገድ ላይ ያላሳፈረ ጎማ በሌላውም ቦታ አያሳፍርምና።

የመንገዱ ጠባይ

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በጣርማ በር በኩል አልፎ ወደ መንዝ ሲታጠፉ የጓሳ ሜዳ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። የቦታው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በዚህ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ተጓዡ የሞቀ አስፋልት፣ የጣርማ በርን ጉም፣ ከዋናው መንገድ ወጥተው ወደየመንደሩ የሚሄዱትን የጠጠርና የአፈር መንገዶች ሁሉ ያገኛል። በክረምት ዝናቡና በረዶው መንገዱን ያጨቀዩታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ያድርና ማለዳ ሣሩም መንገዱም በአመዳይ ይነጣል።

እንግዲህ ለዚህ ጉዞ ከጎማ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው፤ ምቾት፣ ጸጥታና መሬት መያዝ። ሦስቱ ግን ሁልጊዜ በአንድ ላይ አይገኙም። አንዱን ሲያጠብቁ ሌላው ይላላል። አስቀድሞ የትኛው እንደሚበልጥ መወሰን የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ምቾት ከጎማው ጎን ይታወቃል

በጎማው ጎን ላይ ለምሳሌ «195/65 አር 15» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ 65 እጅ ነው ማለት ሲሆን፣ ይህም 127 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። አር የራዲያል አሠራር ምልክት ነው፤ 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ጎማው የሚሸከመውን ክብደት ይነግራል። 91 ከተባለ አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ግራም ይችላል ማለት ነው።

የጎማ ጎን እንደ ፍራሽ ነው። ወፈር ያለው ፍራሽ የአልጋውን ርብራብ እንደማያሳስብ ሁሉ፣ ጎኑ ከፍ ያለ ጎማም የጠጠሩን ጉርብጥብጥ ውጦ ያስቀራል። ለዓይን የሚያምረው ጎነ አጭር ጎማ በከተማ አስፋልት ላይ ይመቻል እንጂ፣ በድንጋያማ መንገድ ላይ የአያትን ወገብ ከማሳመሙም በላይ ቸርኬውን ያጣምማል። ሆኖም ለምቾት ሲባል ከመኪናው ልክ መውጣት አይገባም። ትክክለኛው ልክና የንፋሱ መጠን በብዙ መኪኖች የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታይ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ጸጥታ ቅንጦት አይደለም

የጎማ ጩኸት ከጥርሱ የሚመጣ ነው። ጥርሶቹ ትልልቅና የተራራቁ ሲሆኑ በመካከላቸው የሚገባው አየር እየታመቀና እየተለቀቀ ያጉረመርማል። ለጭቃ ብቻ የተሠሩት ጎማዎች እንዲህ ናቸው። ብዙ ሰው «ለገጠር ይሆናል» ብሎ እነርሱን ይገዛል። ነገር ግን የመንገዱ አብዛኛው ክፍል አስፋልት ስለሆነ፣ በዚያ ሁሉ ርቀት ሕፃን አይተኛም፣ ሾፌሩም ጆሮው ደንዝዞ ይዝላል። እንዲያውም እንዲህ ያሉት ጎማዎች ብዙዎቹ በረጠበ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ አይቆሙም። ስለሆነም የቤት መኪና ያለው ሰው ጥርሱ መካከለኛ፣ ውኃ የሚያስወጡ ቦዮች በዙሪያው ያሉትን ጎማ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ቀድሞ ጸጥ ያለ የነበረ ጎማ በኋላ ማጉረምረም ከጀመረ ደግሞ ባንድ ወገን እየተበላ መሆኑን ያመለክታል። ለጎሚስታ አሳይቶ አሰላለፉንና ሚዛኑን ማስተካከል፣ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩም የፊቱን ከኋላው ጋር ማለዋወጥ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

«የክረምት ጎማ» የሚለው ቃል እንዳያሳስትዎ

በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ «የክረምት ጎማ ግዙ» ብሎ ሊመክር ይችላል። እርሱ ክረምት የሚለው መንገዱ ለወራት በበረዶ የሚሸፈንበትን ወቅት ነው። የእኛ ክረምት ግን ዝናብና ጭቃ ነው። የፈረንጆቹ የክረምት ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እንዳይደርቅ ተብሎ ለስላሳ ሆኖ የተሠራ ነው። በጎኑም ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ተስሎበታል። ይህን ምልክት የሚያገኘው ተፈትኖ ያለፈ ጎማ ብቻ ነው። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በበረዶ ላይ ለመንዳት የሚፈቀደው ይኸው ምልክት ያለበት ጎማ ነው።

በእኛ አገር ግን ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ፀሐይ ነው። ያ ለስላሳ ጎማ በሞቀ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ፍሬን ሲያዝም እንደሚገባው አይቆምም። ለጓሳ መንገድ የሚበቃው ለሁሉም ወቅት የተሠራው ጎማ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ለጭቃና ለበረዶ ታስቦላቸዋል ለማለት የላቲኖቹ ኤም እና ኤስ ፊደላት ተጽፈውባቸዋል። ይህን ጽሑፍ ፋብሪካው ራሱ የሚያሳርፈው ስለሆነ እንደ ፈተና ማስረጃ አይቆጠርም፤ ጥርሱንም ማየት ያስፈልጋል። አመዳይ በያዘው ቁልቁለት ላይ ደግሞ የትኛውም ጎማ ቢሆን እርግጠኛ አይደለም። ፀሐይ ወጥታ አመዳዩ እስኪለቅ መጠበቅ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ሱቅ ሲደርሱ

በመጀመሪያ የጎማውን ዕድሜ ይመልከቱ። ዲ.ኦ.ቲ የሚሉት የላቲን ፊደላት ባሉበት መስመር መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ ይገኛል። 1824 ከሆነ በፈረንጆች 2024 ዓ.ም. በ18ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 2016 መጨረሻ ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ዓመታት ያስቆጠረ ከሆነ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ ማየት ይገባል። 10 ዓመት የሞላውን ግን በምንም ዋጋ አይግዙ።

ያገለገለ ጎማ ለመግዛት የሚገደዱ ከሆነ የክብሪት እንጨት በቦዩ ውስጥ አስገብተው በጥፍርዎ ምልክት ያድርጉና በልጅዎ ማስመሪያ ይለኩት። በብዙ አገሮች ሕግ የመጨረሻው ወሰን 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ለዝናብና ለጭቃ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው አያስተማምንም። ያለቀው ጥርስ በቢላ ተቆፍሮ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ አዲስ መስሎ የሚቀርብም አለ። በቦዩ ውስጥ የሽቦ ወይም የሸራ ምልክት ካዩ ተዉት። የእንዲህ ያለው ጎማ ቦታ በረባሶ ጫማ መሥሪያ ነው እንጂ የመኪና እግር አይደለም።

ገንዘቡ ለአራት ካልበቃ ሁለት ጥሩ ጎማ መግዛት አራት መጥፎ ከመግዛት ይሻላል። ሁለቱ አዲሶች የሚገቡት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው። የፊቱ ሲንሸራተት ሾፌሩ በመሪው ይሰማዋል፤ ፍጥነቱንም ቀንሶ ሊመልሰው ይችላል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው በድንገት ይዞራል። በአንድ አክስል ላይ ልዩ ልዩ ዓይነት ጎማ መቀላቀልም አይገባም። የቀሩትን ሁለቱን በዕቁብ ዕጣ ወይም በየወሩ ጥቂት ጥቂት በማስቀመጥ መግዛት ይቻላል።

የቱ ይቅደም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። አንደኛ መሬት መያዝ፣ ሁለተኛ ምቾት፣ ሦስተኛ ጸጥታ። የማይመች ጎማ ያደክማል፣ የሚጮኽ ጎማ ያሰለቻል፤ መሬት የማይዝ ጎማ ግን ቤተሰብ ይፈጃል። ይህም ለራስ ቤት ብቻ የሚታሰብ አይደለም። በደጋው መንደር መኪና ያለው ቤት ሌሊት ምጥ ለያዛት ጎረቤት የሚጠራ ቤት ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ጎሚስታ መሄጃ ጊዜ የለም።

ከመነሣትዎ በፊት

ንፋሱን ማለዳ፣ መኪናው ሳይነሣ ያስለኩ። አየሩ በ10 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር የጎማው ንፋስ ከ1 እስከ 2 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ አዲስ አበባ በቀትር ልክ የነበረው፣ በጓሳ ብርድ ካደረ በኋላ ጎድሎ ይገኛል። «ጭቃ ይይዝልኛል» ብሎ ንፋስ ቀንሶ በአስፋልት ላይ መሮጥም ጎማውን አግሎ ያፈነዳል። ስኮርታው ንፋስ ያለው መሆኑን፣ ክሪኩና የብሎን መፍቻው በቦታቸው መኖራቸውን በዓይንዎ ያረጋግጡ። መንገዱ ክፍት መሆኑንና የዝናቡን ሁኔታ ደግሞ በዚያው ቀን ከአገሩ ሰው ይጠይቁ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ዳቦው እስኪበርድ ድረስ ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው።