ከአንድ ዋንዛ የተቀጠፉ ሁለት ቅጠሎች



እነዚህን ሁለት ቅጠሎች ያመጣሁት ከከሚሴ አጠገብ በማሳ ድንበር ላይ ከቆመ አንድ ዋንዛ ነው፤ የአካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ወዴሳ ይለዋል። አንደኛው መዳፌን ሸፍኖ ይተርፋል፤ ሌላው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ሁለቱም እድገታቸውን ጨርሰዋል። አንድ ዘረመል ያለው አንድ ዛፍ ስለምን በሁለት ልክ ይሰፋል?

ጥያቄው ለእኔ የመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ በቦርከና ወንዝ ዳር ካሉ ዋንዛዎችና ከወንዙ ርቀው ገላጣ ማሳ ላይ ከቆሙት ቅጠል ሰብስቤ ስፋታቸውን ለካሁ። የወንዝ ዳሮቹ ሰፊ ሆኑ፤ እኔም ምክንያቱ ውኃ ነው ብዬ ጻፍሁ። ነገር ግን መሰላል አልነበረኝም። ከወንዙ ዳር የቀጠፍሁት እጄ የደረሰበትን፣ በጥላ ውስጥ ያደገውን ነበር፤ የማሳዎቹ ቅርንጫፍ ግን እስከ ታች ድረስ ለፀሐይ የተገለጠ ነበር። ውኃውንና ጥላውን ለመለየት የሚያስችል አንድም ማስታወሻ በመዝገቤ ስላልነበረ የወራት ሥራዬን ሰረዝሁ።

ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በእኩለ ቀን በዛፉ ጫፍ ላይ ያለ ቅጠል ብርሃን አይቸግረውም፤ የሚቸግረው ሙቀትና የውኃ ብክነት ነው። በማናቸውም ቅጠል ገጽ ላይ ስስ የረጋ አየር አለ። ቅጠሉ በሰፋ መጠን ይህ አየር ይወፍራል፤ ሙቀቱም በነፋስ ለመወሰድ ይዘገያል። ሰፊ ቅጠል እንዳይቃጠል ስቶማታ በምንላቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብዙ ውኃ ማትነን ይኖርበታል። ስለዚህ የጫፉ ቅጠል ይጠብና ይወፍራል፤ ብርሃን አስተፃምሮ የሚያካሂዱ ሕዋሳቱን በድርብርብ ያቆማል። የታችኛው በአንጻሩ ሾልኮ የሚደርሰውን ጥቂት ብርሃን ለመያዝ ስስ ሆኖ ይዘረጋል። ትንሹን ቅጠል የተራበ ማለት ስሕተት ነው፤ ከሁለቱ እኩል ስፋት ቆርጠን ብንመዝን የሚከብደው እርሱ ነው።

የከፍታም ነገር አለ። ውኃን በየ10 ሜትሩ ሽቅብ ለመሳብ የስበት ኃይል ብቻውን አንድ አትሞስፌር ያህል ተጨማሪ ውጥረት ይጠይቃል፤ ለጋ ሕዋስ ደግሞ የሚለጠጠው በውስጡ ባለው የውኃ ግፊት ነው። በካሊፎርኒያ ከ110 ሜትር በላይ በሚረዝሙት ሬድውድ ዛፎች ላይ ተጠንቶ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር ወደ ጫፍ በተወጣ ቁጥር ቅጠሉ እያነሰ መሄዱን አሳይቷል። የእኛ ዋንዛ ግን ከእነርሱ አጠገብ ድንክ ነው። በእኔ ግምት በከሚሴ ፀሐይና ደረቅ አየር ከቁመት የበለጠ ያስረዳሉ።

ቅጠል አንዴ ካደገ በኋላ ልኩን አይለውጥም። በጥሩ ዝናብ የተዘረጋው ሰፊ፣ በድርቅ የተዘረጋው ጠባብ ሆኖ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ጎን ለጎን ሊታይ ይችላል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው የተቆረጠ ዛፍ ነው። ለመኖ ወይም ለአጥር የተመለመለ ዋንዛ ለሙሉ ዛፍ የተዘጋጀ ሥሩን ይዞ ጥቂት እምቡጦችን ይመግባል፤ አዲሱ ቀንበጥ እጅግ ሰፋፊ ቅጠል ያወጣል። ወደ ደሴ ሽቅብ ስትወጡ በምታገኙት ነጭ ባሕር ዛፍ ላይ ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ወደ ልጅነቱ ተመልሶ ሰፊ፣ አገዳ የሌለውና አመድማ ቅጠል ሲያበቅል፣ ያረጀው ዛፍ ማጭድ የመሰለ ረዥም ቅጠል ያንጠለጥላል። ሁለቱን እንደ ሁለት ዝርያ አድርጎ ያቀረበልኝ ተማሪ አለ፤ አልፈረድሁበትም።

ዘንድሮ ወደ ከሚሴ የምትወጡ ተማሪዎች እያንዳንዱን ቅጠል ከስንት ሜትር ከፍታ፣ ከየትኛው አቅጣጫ፣ ከፀሐይ ወይስ ከጥላ እንደወሰዳችሁት መዝግቡ። ዛፉ መቼ እንደተመለመለም ባለ ማሳውን ጠይቁ፤ እርሱ ያስታውሳል። መሰላሉ በእኔ ቢሮ ነው።