እጅም የሽጉጡ አካል ነው

ተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። አንድ ሰው በቅርቡ የገዛትን ትንሽ ሽጉጥ ይዞ ይመጣል። አንድ ይተኩሳል፣ ሁለት ይተኩሳል፤ ሦስተኛው ላይ ሽጉጧ ትነክሳለች። ባዶው ቀለህ ተፈናጥሮ መውጣት ሲገባው ከላይ ያለው ተንሸራታች ብረት መሃል ላይ ይይዘዋል፤ ቀለሁም እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰውየው ተናዶ "ብልሹ ዕቃ ሸጡልኝ" ይላል። አሠልጣኙ ሽጉጧን ተቀብሎ በዚያው ካዝና፣ በዚያው ዓይነት ጥይት እስከ መጨረሻው ይተኩሳል። አንዴም አትነክስም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ምትሐት ይመስላል። ምስጢሩ ያለው ግን ሽጉጥ ራሱን በሚያቀባብልበት መንገድ ውስጥ ነው።

የድሮው ሪቮልቨር ቀጣዩን ጥይት የሚያቀርበው በተኳሹ ጣት ጉልበት ስለሆነ አያያዝ ብዙ አያሳስበውም። ከካዝና የሚጎርሰው ሽጉጥ ግን ሌላ ነው። አረሩ ወደ ፊት ሲወረወር፣ በዚያው ልክ ወደ ኋላ የሚገፋ ኃይል ይፈጠራል። ይህን ጉልበት ለሥራ ካዋሉት ሰዎች መካከል አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ዋነኛው ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበለው ባለ 45 ካሊበር ሽጉጥ የእሱ ሥራ ሲሆን፣ ዛሬ የሚመረቱት አብዛኞቹ የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጦችም የእሱን ዘዴ መሠረት ያደረጉ ናቸው።

ሂደቱን ቀረብ ብለን እንየው። መርፌው የቀለሁን ግርጌ ይመታል፤ ባሩዱ ይቀጣጠላል፤ 8 ግራም ገደማ የሚመዝነው አረር በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ይወረወራል። ተንሸራታቹና አረሩ የሚሮጥበት ቧንቧ እንደተቆላለፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ የቧንቧው የኋላ ጫፍ ዝቅ ይልና ቁልፉ ይፈታል። ከዚህ በኋላ ተንሸራታቹ ብቻውን ይጓዛል፦ ባዶውን ቀለህ በጥፍሩ ስቦ ያስፈነጥራል፣ ሞላውንም እስከ መጨረሻው ይጨቁናል። በዚያች ቅጽበት የካዝናው ሞላ ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ ይገፋል፤ የተጨቆነው ሞላ ደግሞ ተንሸራታቹን መልሶ ሲወረውረው ቧንቧው ጥይቱን ይጎርሳል። ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ሁሉም ያልቃል።

ታዲያ እጅ እዚህ ውስጥ ምን ያደርጋል? ሴራሚክ ወለል ላይ የተቀመጠ ባዶ ኮመዲኖ አስቡ። መሳቢያውን በኃይል ስትስቡት፣ ኮመዲኖውን የያዘ ሰው ከሌለ ራሱ ኮመዲኖው ተጎትቶ ይመጣል፤ መሳቢያውም ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ተንሸራታቹ መሳቢያው ነው፤ እጀታው ያለበት የታችኛው አካል ኮመዲኖው ነው። የተኳሹ አንጓ ሲላላ የታችኛው አካል ተንሸራታቹን ተከትሎ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይሸሻል። ሞላው የሚጨቆነው ግን በሁለቱ መካከል ባለው የጉዞ ልዩነት ስለሆነ፣ አብረው ሲሸሹ ግማሹ ሥራ ሳይሠራ ይቀራል። ቀለሁ ደክሞ ይወጣል፣ ወይም ቀጣዩ ጥይት ሳይጎረስ ይቀራል።

ይህ ችግር ትልቁንም ሽጉጥ ያገኘዋል፤ ትልቁ ግን ይቅር ባይ ነው። የ1911ዱ ሽጉጥ ሁለንተናው ብረት ሆኖ 1.1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ እጅ ቢላላ እንኳ ክብደቱ በራሱ ይይዘዋል። ኦስትሪያዊው ጋስተን ግሎክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የታችኛውን አካል ከፕላስቲክ ሲሠራ ያ ክብደት ቀነሰ። ቀጥሎ ደግሞ መጠኑ አነሰ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1994 ለሲቪሎች የሚመረቱ አዳዲስ ካዝናዎች ከ10 ጥይት በላይ እንዳይዙ ከለከለ። 10 ጥይት ብቻ ለሚይዝ ካዝና ረጅም እጀታ ምን ያደርጋል? በማግስቱ ዓመት፣ በ1995፣ ትንሹ ግሎክ 26 ገበያ ወጣ። የትልቁ ወንድሙ የግሎክ 17 ቧንቧ 114 ሚሊ ሜትር ሲሆን የዚህኛው 87 ብቻ ነው፤ እጀታውም አጥሮ ትንሿ ጣት የምታርፍበት አጥታ አየር ላይ ትንጠለጠላለች።

ማሳጠሩ ዋጋ አለው። ተንሸራታቹ ሲቀል ይፈጥናል፤ ፍጥነቱን ለመግታት ጠንከር ያለ ሞላ ይገባለታል። የሚጓዘው ርቀትም ሲያጥር ትርፍ ቦታ አይኖረውም፤ ትልቁ ሽጉጥ ጥቂት ጉልበት ቢባክንበት ይሸፍነዋል፣ ትንሹ ግን የሚሸፍንበት የለውም። ጥብቅ አያያዝ በጣም የሚያስፈልገው ሽጉጥ፣ ለመያዝ የሚመች ቦታው በጣም ያነሰው ሽጉጥ ነው ማለት ነው።

ለዚህ ነው "እጅሽ ትንሽ ስለሆነ ትንሿን ውሰጂ" የሚለውን የሱቅ ምክር አጥብቄ የምቃወመው። ትንሽ ሽጉጥ ለመደበቅ ይቀላል፤ ለመተኮስ ግን ይከብዳል። ጀማሪ፣ አዛውንት ወይም አንጓው የታመመ ሰው ከእሷ ይልቅ በመካከለኛው ሽጉጥ የተሻለ ይሠራል።

አያያዙ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያለው ሥጋ የእጀታው ጀርባ ላይ እስከሚቻለው ድረስ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ከተንሸራታቹ መንገድ ላይ ግን አይደርስም። አንጓው ከክንድ ጋር ቀጥ ብሎ ይጸናል። ሁለተኛው እጅ ባዶ የቀረውን የእጀታ ጎን ይሞላል። አውራ ጣቶች ተንሸራታቹን አይነኩም፤ ከነኩት ያዘገዩታል። መጨበጡ እስኪንቀጠቀጡ መሆን የለበትም፤ የሚፈለገው እጅ እንዳይሸሽ ብቻ ነው።

ሁሉንም ጥፋት በእጅ ላይ መጣልም ፍርደ ገምድልነት ነው። ከንፈሩ የተጣመመ ካዝና፣ ያረጀ ሞላ፣ ደካማ ጥይት፣ ቆሻሻ፤ እነዚህም ሽጉጥ ያስነክሳሉ። መለያው መጀመሪያ ላይ ያየነው ነው፦ ያንኑ ሽጉጥ በዚያው ጥይት ልምድ ያለው ሰው ይተኩስበት። በእሱም እጅ ከነከሰ ወደ ባለሙያ ይወሰድ፤ ካልነከሰ ባለቤቱ ወደ ልምምድ ይመለስ።

ሕግ ፈቅዶላችሁ ትንሽ ሽጉጥ የምትይዙ አንባቢዎች፣ ሌላ ሰው በሞከረው አትመኑ። አሠልጣኝ ባለበት ቦታ፣ ልትይዙት ባሰባችሁት ጥይት፣ በሁለት እጅ፣ ከዚያ በቀኝ ብቻ፣ ከዚያም በግራ ብቻ ተኩሳችሁ እዩት። ከነከሰ አፈሙዙን ከዒላማው አቅጣጫ ሳታዞሩ ጣታችሁን ከምላጩ አንሡና ቀለሁ እንዴት እንደቆመ ለአሠልጣኙ አሳዩት።