ትንሹ ኮሌጅ፦ ስሙ፣ ዋጋውና ዕድሜው

ሐኪሙ መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከሁለት ኢትዮጵያውያን ጓደኞቻቸው ጋር ለትምህርት አሜሪካ ሲሄዱ የገቡት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ኦሃዮ ውስጥ፣ ኒው ኮንኮርድ በምትባል አነስተኛ ከተማ የሚገኘው ሙስኪንገም ኮሌጅ ነበር። ሕክምናውን በኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ያ መንገድ ዛሬም አልተዘጋም፤ ሙግቱም አልቆመም። አዲስ አበባም ሆነ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የመግቢያ ደብዳቤ በደረሰበት ቤት ዘመድ ተሰብስቦ ይከራከራል፤ ማንም ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ትንሽ ኮሌጅ ይሻላል ወይስ ሁሉም የሚያውቀው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ?

አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሲነታረኩበት ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ላቲንና ግሪክ ቀርቶ ለኑሮ የሚጠቅም ትምህርት ይሰጥ ለሚሉ ሰዎች የዬል መምህራን በጻፉት ዘገባ መልስ ሰጡ፤ የኮሌጅ ሥራ አስቀድሞ አእምሮን መግራት ነው፣ ሙያ ከዚያ በኋላ ይደርሳል የሚል። ያኔ ኮሌጅ ሁሉ ትንሽ ነበር። መንገዱ የተለያየው በኋላ ነው። የ1862ቱ የሞሪል ሕግ ስቴቶች ከፌዴራል መሬት በሚያገኙት ገንዘብ እርሻና መካኒክ የሚያስተምሩ ትልልቅ ተቋማትን እንዲተክሉ አስቻለ። በ1876 ደግሞ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የጀርመኖቹን አርአያ ይዞ ለምርምር ተከፈተ። ሃርቫርድና ዬል በዚያው መስመር ሰፉ። እንደ ዊልያምስና አምኸርስት ያሉት፣ ወደ ምዕራብ የተጓዙ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የመሠረቷቸው እነ ኦበርሊንና ካርልተንም ጭምር፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ አተኩረው በትንሽነታቸው ጸኑ። ዛሬ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የምንላቸው እነዚህን ነው።

ዊልያምስና አምኸርስት እያንዳንዳቸው ሁለት ሺህ ገደማ ተማሪ ነው ያላቸው። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪን ብዙ መቶ ተማሪ በአንድ አዳራሽ ሊማረው ይችላል፤ ፈተናውን የሚያርመውም ብዙ ጊዜ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። በትንሹ ኮሌጅ ግን አስተማሪው፣ አራሚውና የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊው ያው ፕሮፌሰር ነው። በዊልያምስ ቱቶሪያል በሚባለው ኮርስ ሁለት ተማሪዎች ብቻ ከአንድ መምህር ፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ጽሑፉን ያቀርባል፣ ሌላው ይተቸዋል። ሳያነቡ መጥቶ ኋላ ወንበር ላይ መደበቅ አይቻልም። በላብራቶሪም የዶክትሬት ተማሪ ስለሌለ ፕሮፌሰሩን የማገዝ ዕድል ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ይደርሳል። በኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት ጄኒፈር ዳውድና ከፖሞና፣ ቶማስ ቼክ ከግሪኔል ናቸው የተነሡት። ኮፊ አናንም ኢኮኖሚክስ የተማሩት ማካሌስተር ነው። እርግጥ እነዚህ ኮሌጆች መርጠው የሚቀበሉት ቀድሞውንም ጎበዝ የሆነውን ነውና ምስጋናውን ሁሉ ለኮሌጁ መስጠት የዋህነት ነው።

በእነዚህ ኮሌጆች ተማሪው ሜጀሩን፣ ማለትም ዋና የትምህርት ዘርፉን፣ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ነው። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመልሶ ሎጂክን የመሰለ ኮርስ ለሁሉም መሰጠቱ ከዚሁ ሐሳብ ብዙ አይርቅም፤ እኛ ዘንድ ግን ዲፓርትመንት በውጤት ውድድር ነው የሚገኘው። ትናንሾቹ ኮሌጆች ጉድለትም አለባቸው። ነርሲንግ በአብዛኞቹ የለም፤ ምህንድስናም እንደ ስዋርትሞርና ስሚዝ ባሉ ጥቂቶች ብቻ ነው። ነርስ ለመሆን ቁርጥ ያለ ሐሳብ ያላትን ልጅ ወደዚያ መላክ ጊዜዋን ማባከን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ገንዘቡ ነው። በታዋቂዎቹ ኮሌጆች የተለጠፈው ዋጋ፣ ምግብና መኝታን ጨምሮ፣ በዓመት 90,000 ዶላር ገደማ ደርሷል። ይህን ያየ የሜሪላንድ ታክሲ ነጂ አባት ገጹን ዘግቶ ልጁን ወደ ስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ይመራል። መቸኮሉ ነው። የግል ኮሌጆች አዲስ ለሚገቡ ተማሪዎች ከትምህርት ክፍያው በአማካይ ከግማሽ በላይ ይቀንሳሉ። ሀብታሞቹ ደግሞ የቤተሰቡን ገቢ አይተው የጎደለውን ይሞላሉ፤ ዊልያምስ ከ2022 ወዲህ እርዳታውን ያለ ብድር፣ በሙሉ በስጦታ አድርጎታል። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ዊልያምስ ከስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊረክስ ይችላል ማለት ነው። ልጁ ቢገባ ምን ያህል እንደሚከፍል የሚገምተውን ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር ኮሌጆች በድረ ገጻቸው እንዲያስቀምጡ ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳቸዋል። ነፃ ነው፤ የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው።

ከአዲስ አበባ ለሚያመለክት ሒሳቡ ሌላ ነው። የፌዴራል እርዳታ አይደርሰውም፤ አብዛኞቹ ኮሌጆችም የውጭ አገር ተማሪ እርዳታ መጠየቁን በመግቢያ ውሳኔው ላይ ይመዝኑበታል። አምኸርስት ከ2008፣ ቦውደን ከ2022 ጀምሮ ይህን ሳያዩ ይወስናሉ፤ ነገር ግን በሮቻቸው እጅግ ጠባብ ናቸው። ኬንታኪ የሚገኘው ቤሪያ ከ1892 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ በምትኩ ተማሪው ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። ተጠንቀቁ የምለው «ስኮላርሺፕ አግኝተሃል» የሚለውን ደብዳቤ ነው። ዋጋው 60,000 ዶላር በሆነበት ኮሌጅ 25,000 ቢሰጡት ቀሪው በየዓመቱ 35,000 ነው፤ ኮሌጁ ለቪዛው የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ቅጽ ሊሰጥ ሲልም ይህ ገንዘብ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። ደስታው ቤት ሙሉ ሆኖ ጉዞው የሚቀረው በዚህ ነው።

የኮሌጁም ዕድሜ መጠየቅ አለበት። በአሜሪካ የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር በ2007 ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ከዚያ ወዲህ ቀንሷል፤ የዚያ ዘመን ልጆች አሁን ነው ኮሌጅ የሚገቡት። በክፍያ ላይ የተንጠለጠሉ ትናንሽ ኮሌጆች ጉድለቱን መቋቋም እያቃታቸው ነው። በ1868 የተመሠረተው ዌልስ ኮሌጅ እና በ1856 የተመሠረተው በርሚንግሃም ሳውዘርን ሁለቱም በ2024 ተዘጉ። ስዊት ብራየር በ2015 ሊዘጋ ተነግሮ የዳነው የቀድሞ ተማሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው፣ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ስለታገሉ ነው። እንግዲህ ኮሌጆችን በደረጃ ከሚያወጣው ሰንጠረዥ ይልቅ የተቀማጭ ሀብቱ መጠንና የተማሪው ቁጥር ባለፉት ዓመታት መጨመር መቀነሱ ይበልጥ ይናገራል። ሪድ ኮሌጅ ከ1995 ጀምሮ ለዩ ኤስ ኒውስ ሰንጠረዥ መረጃ መስጠት ቢተውም የሪድ ስም አልጠፋም።

በመጨረሻም ስለ ፊርማው፦ ኧርሊ ዲሲዥን በሚባለው ቀድሞ የሚገባ ማመልከቻ ላይ የሚፈርመው ልጁ ብቻ አይደለም፤ ወላጅም ይፈርማል። ፊርማው ልጁን ከተቀበሉት ሌላውን ሁሉ ትቶ እንዲገባ ያስገድደዋል፤ ለመውጣት የሚፈቀድለት በዋናነት እርዳታው ሳይበቃ ሲቀር ነው። ስለዚህ ካልኩሌተሩን ሞልታችሁ፣ ወይም የውጭ አመልካች ከሆናችሁ የኮሌጁን የእርዳታ ቢሮ በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ሳትይዙ አትፈርሙ።