በፍሪዘር የሚቆይ ፍራፍሬና የማይበገረው ቅንጣት

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ 165 ሰዎች በሄፓታይተስ ኤ ታመሙ። ምርመራው ያደረሰው ወደ አንድ የጋራ ምግብ፣ ይኸውም በፍሪዘር ወደሚቀመጥ የፍራፍሬ ቅልቅል ነበር፤ በቅልቅሉ ውስጥ የተጠረጠረው ደግሞ ከቱርክ የመጣው የሮማን ፍሬ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በምሥራቅ ጀርመን 11,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ በአብዛኛው ሕፃናትና ተማሪዎች፣ ከቻይና በመጣ በበረዶ የቀዘቀዘ እንጆሪ ምክንያት በኖሮቫይረስ ታመዋል። በ2016 እና በ2023ም የእንጆሪ ምርቶች በሄፓታይተስ ኤ ሥጋት ከአሜሪካ ገበያ ተሰብስበዋል።

«በበረዶ ውስጥ ምን ተሕዋሲ ይተርፋል?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይፈረድበትም። ቅዝቃዜ የባክቴሪያን መራባት ያቆማል፤ ውሃ ሲረጋ የሚፈጠሩት የበረዶ ክሪስታሎችም የባክቴሪያውን ስስ ሽፋን ሊበሱት ይችላሉ። በሰገራ የሚወጣው የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ ግን ሕዋስ አይደለም፤ 27 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ባለው የፕሮቲን ቅርፊት የታሸገ የአር.ኤን.ኤ. ክር ነው። የሚበሳ የስብ ሽፋን የለውም። ቅርፊቱን የሚያፈርሰው የሞለኪውሎች መናወጥ ሲሆን፣ ይህ መናወጥ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ሴልሺየስ እጅግ ይዳከማል። ስለዚህ ፍሪዘሩ ለፍሬው የሚውለውን ውለታ ለቫይረሱም ይውልለታል። ቤተ ሙከራዎችም ቫይረሶችን ለጥናት የሚያቆዩት በቅዝቃዜ ነው።

ቫይረሱ ወደ ፍሬው የሚደርሰው በተበከለ የመስኖ ወይም የማጠቢያ ውሃ፣ አለዚያም በለቃሚ እጅ ነው። ታዲያ ፋብሪካው ለምን አስቀድሞ መርምሮ አያገኘውም? እኛ የፊዚክስ ሰዎች ነገሩን በቁጥር ማየት እንወዳለን። ከ1,000 ከረጢት አንዱ ተበክሏል እንበል። 60 ከረጢቶች በዕጣ አውጥተን ብንመረምር፣ የተበከለ የማግኘት ዕድላችን 6 ከመቶ አይሞላም። «አልተገኘም» የሚል ውጤት «የለም» ከሚል ማረጋገጫ እጅግ ይርቃል። አምራቾች «ሊኖር ይችላል» በሚል ብቻ ምርት ሲሰበስቡ ነገሩን ያጋነኑ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ከዚህ የተሻለ ሐቀኛ ቃል የላቸውም።

ሌላው ችግር ጊዜ ነው። ሄፓታይተስ ኤ፣ በአገራችን የወፍ በሽታ ከሚባሉት አንዱ፣ ምልክቱ የሚታየው ከተያዙ ከ15 እስከ 50 ቀናት በኋላ ነው። ታማሚው ምን እንደበላ በሚጠየቅበት ሰዓት ባዶው ከረጢት ተጥሏል፤ የአንድ ቀን ምርት የሆኑት ሌሎቹ ከረጢቶች ግን በየቤቱ ፍሪዘር ገና ለወራት ይቆያሉ። በልጅነቱ ተይዞ የዳነ ሰው፣ እንደ አብዛኛው የአገራችን ጎልማሳ፣ ዘላቂ መከላከያ አለው። በውጭ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ግን ይህን ያገኙት ክትባቱን ከወሰዱ ብቻ ነው።

ማጠብ ቫይረሱን ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ አያስወግደውም። 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ለአንድ ደቂቃ ማፍላት ግን ቅርፊቱን ያፈርሳል፤ በጭማቂ መፍጫ ጥሬውን ለሚጠጣ ሰው ይህ ምክር አይጠቅምም። ከገበያ እንዲሰበሰብ የታዘዘ ከረጢት ያለው ሰው ይጣለው ወይም ይመልሰው። ክትባት ሳይወስድ ከዚያ ፍሬ የበላ ሰው፣ ሁለት ሳምንት ሳያልፍ ከተከተበ ከበሽታው ሊድን ስለሚችል፣ ቀኑን ቆጥሮ ወደ ሐኪም ይሂድ።