ሰብልን የሚጠብቁ ጥቃቅን አር ኤን ኤዎች

በቃላሚኖ ዙሪያ በእንደርታ ማሳ ገብስና ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ክሽክሽ የተባለውን መጣጭ ተባይ ያውቀዋል። የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ የሚባለው ዝርያ ትግራይ ውስጥ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሲጠናበት ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ነጭ መስመር ያወጣል፣ ዛላውም ከእቅፉ መውጣት ያቅተዋል። በዓይን የማይታየው ፍልሚያ ግን በተክሉ ሕዋስ ውስጥ ነው።

ትምህርት ቤት ስለ አር ኤን ኤ የሚነገረን የዲ ኤን ኤን ትእዛዝ ፕሮቲን ወደሚሠራበት ቦታ የሚያደርስ መልእክተኛ መሆኑ ነው። ፕሮቲን የማይሠሩ አር ኤን ኤዎችም አሉ፤ እንዲያውም ብዙ ናቸው። ከእነሱ መካከል ማይክሮ አር ኤን ኤ 21 ፊደል ገደማ ብቻ ይረዝማል። አርጎኖት በሚባል ፕሮቲን ታቅፎ ከፊደሎቹ ጋር የሚገጥመውን መልእክተኛ ይፈልግና ያስቆርጠዋል። ትእዛዙ እዚያው ይቀራል። የማይክሮ አር ኤን ኤ ግኝት ለቪክቶር አምብሮስና ለጋሪ ራቭከን የእ.ኤ.አ. 2024ን የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል።

ይህ ለተክል መከላከያ ምኑ ነው? እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ጥቃቅን አር ኤን ኤ ከሚያመርቱ ኢንዛይሞች አንዱን ያጠፉበትን የዱር ትምባሆ ሜዳ ላይ ተከሉ፤ ተባይ ከጎረቤቶቹ አብልጦ በላው። ሁሉም ማይክሮ አር ኤን ኤ ግን ዘበኛ አይደለም። ሩዝ ላይ ሚር396 የሚባለው ሲታፈን ተክሉ ፍላቮኖይድ ያበዛል፣ ቡናማ ፌንጤ መሰሉን መጣጭ ተባይም ይበልጥ ይቋቋማል። አንዱን ማብዛት፣ ሌላውን ማፈን ያስፈልጋል ማለት ነው።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ የክሽክሹ ብልሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ምርምር አረንጓዴው የኮክ ክሽክሽ ያ1 የተባለ ረጅም፣ ፕሮቲን የማይሠራ አር ኤን ኤ ወደሚመጠው ቅጠል እንደሚያስገባ አሳየ። አር ኤን ኤው በተክሉ ውስጥ ይጓዛል፤ ተክሉ ራሱ እንዲያመርተው ሲደረግ ክሽክሾቹ ይበልጥ ተባዙ። መሣሪያው የሁለቱም ወገን ነው።

ሰውም ተምሮበታል። አሜሪካ የበቆሎ ሥር ጢንዚዛን ዘረ መል የሚያፍን ባለ ድርብ ክር አር ኤን ኤ የሚያመርት በቆሎ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ድንች ላይ የሚረጭ ሌድፕሮና የተባለ ፀረ ጢንዚዛ ደግሞ በ2023 ፈቅዳለች። ሁለቱም የተሳካላቸው በጢንዚዛ ላይ ነው። የእሳት እራት ትሎች በአንጀታቸው ያሉ ኢንዛይሞች አር ኤን ኤውን ቶሎ ስለሚያፈርሱት ዘዴው በእነሱ ላይ ደካማ ነው። የእኛ ማሽላና በቆሎ ዋና ጠላቶች፣ አገዳ ቆርቁርና እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችን የገባው መጤ ተምች፣ ሁለቱም ከዚህ ወገን ናቸው።

ስለዚህ የተምች አር ኤን ኤ አለኝ የሚል ሻጭ ቢመጣ፣ በተምች ላይ፣ በዚህ አገር ማሳ የተሞከረበትን ውጤት ሳያሳያችሁ አትግዙት።